የጫጩት ጤና ከወለሉ ይጀምራል

በሕዝብ ትምህርት መድረክ የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ የወጣ

የጫጩት ጤና ለብዙ ሰው ትንሽ ጉዳይ ይመስላል። በየግቢው ግን የእንቁላል ገንዘብ ደብተርና እርሳስ ይገዛል፣ የጨውና የዘይት ወጪ ይሸፍናል፤ ለዓውደ ዓመት የተቀለበው ዶሮም የቤቱን ማዕድ ይሞላል። ይህ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ በእናቶች እጅ የሚገባ ገንዘብ ነው። ጫጩት በሞተ ቁጥር የሚጎድለው የእነሱ ጓዳ ስለሆነ፣ እኔም ጉዳዩን እንደ ትንሽ ነገር አልቆጥረውም።

የመጣሁበትን ዓላማ ልንገራችሁ። ጫጩት ከተፈለፈለች ወይም ከተገዛች ቀን ጀምሮ ቄብ እስክትሆን ድረስ በትልና በሌሎች ጥገኛ ተሕዋስያን እንዳትጎዳ በየቤታችን ምን ማድረግ እንደምንችል አስረዳለሁ። ንግግሬን በሦስት ከፍዬዋለሁ። በመጀመሪያ ጠላቶቹን ለይተን እናውቃለን። ቀጥለን የሚኖሩበትን ወለልና አፈር እንመለከታለን፤ ሰፊውን ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ክፍል ነው። በመጨረሻ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለሚሰጥበት ጊዜና ስለ ጥንቃቄው እናገራለሁ። ሦስቱንም የሚያስተሳስረው ሐሳብ አንድ ነው፤ መድኃኒት ሆድን ያጸዳል፣ የረጠበና የቆሸሸ ወለል ግን መልሶ ይሞላዋል።

ወደ መጀመሪያው ክፍል ከመግባቴ በፊት ነገሩ በዘመናችን ለምን እንደ ከበደ ላስረዳ። በአገራችን ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮ አለ፤ አብዛኛው የሀበሻ ዶሮ ሲሆን የሚኖረውም በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ነው። የሀበሻ ዶሮ ልጆቿን አስከትላ ከጓሮ ወደ ማሳ፣ ከማሳ ወደ አጥር ሥር ስትዞር ትውላለች። ኩሷ በሰፊ ቦታ ይበተናል፣ ፀሐይም ያደርቀዋል፤ ጫጩቶቿ ያንኑ የተበከለ መሬት ደጋግመው የመልቀም ዕድላቸው ያንሳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን አረባባችን ተለውጧል። ሳሶ፣ ቦቫንስ ብራውንና ኮይኮይክ የሚባሉት የዶሮ ዝርያዎች ወደ ግቢያችን ገብተዋል፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ዶሮ እርባታን በቤተሰብ ደረጃ አነሣሥቷል። ዛሬ በከተማም በገጠርም አንድ ቤተሰብ 30 ወይም 50 ጫጩት ገዝቶ በአንዲት ጠባብ ክፍል ያስገባል። ለምርት መልካም ነው። ነገር ግን ጫጩቶቹ የሚበሉበት፣ የሚጠጡበትና ኩሳቸውን የሚጥሉበት ቦታ አንድ ሆነ። ለጥገኛ ተሕዋስ ከዚህ የተመቸ ማደሪያ የለም። አረባባችን ሲለወጥ ጥንቃቄያችን አብሮ ባለመለወጡ ነው ጉዳቱ የበረታው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክፍል እገባለሁ። በብዙ አካባቢ ዶሮ ሲሞት «ፈንግል ነው» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። ፈንግል በእርግጥ አስከፊ በሽታ ነው፤ ሆኖም ክትባት አለው፣ ክትባቱም እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። ጫጩቶቻችሁን በወቅቱ እንድታስከትቡ አደራ እላለሁ። ይሁን እንጂ ፈንግል ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ትልቅ አይልም፤ ጫጩቱንም እናቲቱንም አውራውንም በአጭር ጊዜ ይጥላል። ትልልቆቹ ዶሮዎች ደኅና ሆነው የሦስትና የአራት ሳምንት ጫጩቶች ብቻ በየዕለቱ እየወደቁ ከሆነ ሐሳባችንን ወደ ሌላ በሽታ ማዞር ይገባናል።

ያ ሌላ በሽታ ብዙ ጊዜ ኮክሲዲዮሲስ ነው። ይህን ቃል እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ኮክሲዲዮሲስን የሚያመጣው ትል አይደለም። የሚያመጣው ኮክሲዲያ የሚባል በዓይን የማይታይ፣ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ነው። ጫጩቷ ስትውጠው ወደ አንጀቷ ግድግዳ ይገባል፣ እዚያው ይራባል፣ ሲወጣም የገባበትን ሕዋስ አፈንድቶ ነው። ዶሮን የሚያጠቁት ዓይነቶች ሰባት ያህል ናቸው። ከእነዚህ መካከል በገዳይነቱ የሚታወቀው ኤሜሪያ ቴኔላ ዕውር አንጀትን ስለሚያቆስል ኩሱ በደም ይነከራል። የታመመችው ጫጩት ክንፏን ትጥላለች፣ ላባዋ ይቆማል፣ ዓይኗን ጨፍና ትኩራመታለች፣ በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይገረጣል። በሽታው በብዛት የሚታየው ከ3ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ባለው ዕድሜ ነው።

ሁለተኛው ወገን እውነተኞቹ ትሎች ናቸው። ዋናው የዶሮ ወስፋት ነው፤ ባለሙያዎች አስካሪዲያ ጋሊ ይሉታል። ነጭ፣ ድፍን፣ ከ5 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ትል ሲሆን በትንሹ አንጀት ይኖራል። ሲበዛ አንጀቱን እስከ መድፈን ይደርሳል። ወስፋት ያለባት ጫጩት ኮክሲዲዮሲስ እንደ ያዛት በሁለት በሦስት ቀን አትወድቅም፤ ትመነምናለች። ትበላለች ግን አትፋፋም፤ የደረቷ አጥንት ይሾላል፣ ላባዋ ይጎፈራል፣ እኩዮቿ ቄብ ሲሆኑ እሷ ወደ ኋላ ትቀራለች። ከሦስት ወር ዕድሜ በታች ያሉት የበለጠ ይጎዳሉ። በመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ የሚጣበቅ ቀይ ትልም አለ፤ እሱ የያዛት ጫጩት አንገቷን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ አየር ስትሻ ትታያለች። የዶሮ ጥፍጥፍ ትልም አለ፤ ጫጩቷ የምታገኘው ጉንዳን፣ ጥንዚዛ ወይም ዝንብ ስትለቅም ነው። ይህ ሰውን ከሚይዘው ኮሶ የተለየ ነው፤ የዶሮው ወስፋትም ወደ ሰው ይተላለፋል ብላችሁ አትስጉ። እጅን በሳሙና መታጠብ ግን በሌሎች በሽታዎች ምክንያት ሁልጊዜ ያስፈልጋል።

ኮክሲዲያንና ትልን ለይቶ ማወቅ የሚጠቅመው ጫጩቷን በሕይወት ለማቆየት ነው። ደም የምታስቀምጥ የአራት ሳምንት ጫጩት የትል መድኃኒት ቢሰጣት አትድንም፤ የትል መድኃኒት ኮክሲዲያን አይነካውምና። በዚህ መሐል የሚያልፉት ሁለት ቀናት ደግሞ ሕይወቷን የሚወስኑት ቀናት ናቸው። በተመሳሳይ መንገድ የኮክሲዲያ መድኃኒት ወስፋትን አያወጣም። ስለዚህ መድኃኒት ከመግዛታችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ ዕድሜዋ ስንት ሳምንት ነው? ኩሷስ ምን ይመስላል? ጤነኛ ዶሮም በቀን ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ጥቁር ቡናማ፣ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ኩስ ትጥላለች፤ ከዕውር አንጀቷ የሚወጣ ስለሆነ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ትኩስ ደም ነው። ጥርጣሬ ካለ አዲስ የተጣለ ኩስ በንጹሕ ላስቲክ ይዛችሁ በዚያው ዕለት ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ውሰዱ። የትልም ሆነ የኮክሲዲያ ዘር በማይክሮስኮፕ ይታያል። የሞተች ጫጩትም ካለች ባለሙያ ከፍቶ ሲያያት ምክንያቱን በግልጽ ትናገራለች፤ ለውሻ አትጣሏት፣ ከምርመራው በኋላም በጥልቀት ትቀበር ወይም ትቃጠል።

ጠላቶቹን ከለየን ወደ ሁለተኛው ክፍል እንሻገር፤ የንግግሬ እምብርት ይህ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ከትል ጋር የቆየ ትውውቅ አለን። አባቶቻችንና እናቶቻችን የኮሶን ዛፍ አበባ አድርቀው፣ ወቅጠውና በጥብጠው በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጡ ነበር። መድኃኒቱ ኃይለኛ ስለነበር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ገብቷል። እንዲህ ያለ መድኃኒት በእጃችን እያለ ለምን በየሁለት ወሩ መጠጣት አስፈለገ? ትሉን የሚያመጣው ጥሬ ሥጋ ከማዕዱ ስላልተነሣ ነው። ኮሶው የገባውን ያስወጣል፤ የሚገባበትን በር ግን አይዘጋም። በዶሮ ቤታችንም የምናየው ይኸው ነው። የመድኃኒት ዱቄት በየወሩ ይገዛል፣ ጫጩቶቹም ይሻላቸዋል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ ያው ነገር ይመለሳል።

በሩ የት እንዳለ ለማወቅ የተሕዋሱን ጉዞ መከተል ያስፈልጋል። የኮክሲዲያ ዘር ከኩስ ጋር ሲወጣ ገና ለማጥቃት አልደረሰም። ለመድረስ ሦስት ነገር ይሻል፤ እርጥበት፣ ሙቀትና አየር። እነዚህን ካገኘ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይበስላል። ጫጩቷ በዋጠችው ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በሆዷ ተራብቶ አዲስ ዘር በኩሷ መውጣት ይጀምራል፤ ከአንዲት የተዋጠች ዘር የሚወጣው በብዙ ሺህ ይቆጠራል። እንግዲህ አስሉት። በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት ዘር ወለሉ ላይ ቢኖር በሁለተኛው ሳምንት እልፍ ይሆናል፣ በሦስተኛው ሳምንት ክፍሉን ይሞላዋል። ጫጩቶቻችን በአራተኛው ሳምንት በድንገት የወደቁ የሚመስለን በሽታው ሲከማች ስላላየነው ነው፤ ከወለሉ ላይ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ ሲበዛ ቆይቷል።

የወስፋቱ ጉዞ ዘገም ያለ ነው። እንቁላሉ ከኩስ ጋር ወጥቶ በእርጥብ አፈር ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ ከቆየ በኋላ ለማጥቃት ይደርሳል፤ ጥላና እርጥበት ካገኘ ደግሞ ለብዙ ወራት በሕይወት ይቆያል። ጫጩቷ ከዋጠችው በኋላ ትሉ አድጎ ራሱ እንቁላል እስኪጥል ከ5 እስከ 8 ሳምንት ይወስድበታል። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» የሚለው ምሳሌ በዚህ ነገር ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ ባለፈው ዓመት ዶሮዎች የኖሩበትን ጥላማ ጓሮ የዘንድሮዋ ጫጩት ስትጭር የምታወጣው የቆየውን የወስፋት እንቁላል ነው።

ከእነዚህ ሁለት ጉዞዎች አንድ ትልቅ ትምህርት እናገኛለን። ሁለቱም የሚያልፉት በእርጥበት በኩል ነው። እርጥበቱን ብንነሣቸው መንገዳቸው ይቋረጣል። ስለዚህ በጫጩት ቤት ከሁሉ በፊት የምመለከተው የመጠጫውን ዙሪያ ነው። ውሃ የሚፈስበት፣ ጫጩቶች የሚሰበሰቡበት፣ ኩስ የሚበዛበትና ሙቀት ያለበት ቦታ እዚያ ነው። መጠጫውን በድንጋይ ወይም በጡብ ላይ አውጥታችሁ በጫጩቶቹ ጀርባ ልክ አድርጉት፤ ሲያድጉም አብራችሁ ከፍ አድርጉት። ገብተው እንዳይቆሙበት ጠባብ አፍ ያለው ይሁን። መመገቢያውም እንዲሁ ከፍ ይበል፤ መኖን መሬት ላይ በትኖ ማብላት ጫጩትን ከኩሷ ጋር ማብላት ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ጉዝጓዙ ነው። ጭድ ወይም ሰጋቱራ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ተደርጎ ይነጠፍ። በየቀኑ በእጅ ጨብጣችሁ ፈትኑት፤ ሲለቁት የሚበተን ከሆነ ደኅና ነው፣ ተጣብቆ ከቀረ እርጥበቱ በዝቷል። የተጋገረውንና የረጠበውን ክፍል በዚያው ቀን አውጥታችሁ በደረቅ ተኩ። የወጣውን ጉዝጓዝ ጫጩቶቹ ከማይደርሱበት ቦታ ከምራችሁ ኮምፖስት አድርጉት፤ ክምሩ ሲብላላ የሚፈጥረው ሙቀት ብዙውን ዘር ይገድላል። ቤቱ ከላይ በኩል አየር የሚያስወጣ መስኮት ይኑረው፤ በክረምት ብርዱን እንከላከላለን ብለን ሁሉን ቀዳዳ ስንደፍን እንፋሎቱን እዚያው እናስቀረዋለን። ቁጥሩም ከቦታው ጋር ይመጣጠን፤ ጫጩቶቹ በሳምንታት ውስጥ እጥፍ ድርብ ስለሚያድጉ በመጀመሪያው ሳምንት የሰፋቸው ክፍል በአምስተኛው ሳምንት ይጠብባቸዋል።

ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ላይ «በረኪና እረጫለሁ» ይለኛል። በረኪና ለብዙ ጀርም ይጠቅማል። የኮክሲዲያ ዘርና የወስፋት እንቁላል ግን ጠንካራ ሽፋን ስላላቸው በረኪናው አይገድላቸውም፤ ወለሉም ስለሚረጥብ ይባስ ይመቻቸዋል። እነሱን የሚያሸንፋቸው ድርቀት፣ የፈላ ውሃና የፀሐይ ሙቀት ነው። አንድ ዙር ጫጩት ወጥቶ ሌላው ከመግባቱ በፊት ጉዝጓዙን ጠርጋችሁ አውጡ፣ ወለሉን ፋቁ፣ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ ከዚያም በደንብ እስኪደርቅ ክፍቱን አቆዩት። መመገቢያና መጠጫው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይዋል።

ሦስተኛው ነገር ትንንሾቹን ከትልልቆቹ መለየት ነው። ትልቅ ዶሮ ብዙ ጊዜ ሳትታመም ትልና ኮክሲዲያ ተሸክማ ትዞራለች። ጤነኛ ስለምትመስለን አዲስ የገዛናቸውን ጫጩቶች ከእሷ ጋር እንለቃቸዋለን። ቢቻል ጫጩቶቹ ቢያንስ እስከ ስምንት ሳምንት በራሳቸው ክፍል ይደጉ፤ መኖና ውሃ ስትሰጡም ከትንንሾቹ ጀምራችሁ ወደ ትልልቆቹ ሂዱ፣ ጫማችሁ ላይ የያዛችሁትን ወደ ጫጩቶቹ እንዳታስገቡ። በእናቷ ሥር ለተፈለፈለች ጫጩት ይህን ማድረግ ያስቸግራል። እዚያ የሚቻለው መዋያቸውን ማዛወር ነው፤ በቅርጫት ወይም ተነሥቶ በሚዛወር ትንሽ ቤት ይዘን በየጥቂት ቀኑ ፀሐይ ወደሚያገኘው ደረቅ ቦታ እናሸጋግራቸው። ጠዋት ጤዛው ሳይጠፋ አንልቀቃቸው፤ ረግረጉንና የፍሳሽ መውረጃውን አጥረን እንከልክላቸው።

በዚህ ክፍል ውስጥ የላይ ተባዮችንም አነሣለሁ፤ ቁንጫም ቅንቅንም የወለልና የግድግዳ ነዋሪዎች ናቸውና። በጫጩት ዓይን ዙሪያና በራሷ ላይ ተሰክቶ የሚቀር ተጣባቂ ቁንጫ አለ፤ ሲበዛ ደሟን መጥጦ ይገድላታል። የቁንጫው ልጆች የሚያድጉት በጉዝጓዙና በአፈሩ ውስጥ ስለሆነ ጫጩቷን ብቻ ማከም አይበቃም። ላምባ ወይም ነጭ ጋዝ መቀባት ቆዳዋንና ዓይኗን ያቃጥላል፤ ቫዝሊን በቁንጫዎቹ ላይ ደፍኖ መቀባት ይሻላል። ቀዩ ቅንቅን ደግሞ ቀን በቆጡ ስንጥቅ ተደብቆ ሌሊት ይወጣል፤ ቀን ዶሮዋን አገላብጣችሁ ላታገኙት ትችላላችሁ። በማታ በባትሪ ቆጡን እዩ። ስንጥቁን በፈላ ውሃ እጠቡ፣ ግድግዳውን በጭቃ ምረጉ ወይም ኖራ ቀቡ። እናቶቻችን ለዶሮ የሚያዘጋጁት ደረቅ አመድ መልካም ልማድ ነው፤ ዶሮ በአመድና በደረቅ አፈር ስትታጠብ የቅማሏ ብዛት ይቀንሳል። ለእህል የተሠራ ፀረ ተባይ ዱቄት ግን በዶሮ ላይ ፈጽሞ አትነስንሱ፤ መርዙ በእንቁላሉ በኩል ወደ ልጆቻችሁ ማዕድ ይመጣል።

ወደ መድኃኒቱ ከመሻገሬ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለብኝ። «ወለሉን ይህን ያህል ካደረቅን ተሕዋሱን ፈጽመን እናጠፋለን ወይ?» የሚል ሰው ይኖራል። አናጠፋም፤ ማጥፋትም ግባችን አይደለም። ጫጩት ኮክሲዲያን በጥቂት በጥቂቱ ስታገኘው ሰውነቷ ይማራል፣ ይቋቋመዋልም። በ1952 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለሽያጭ የቀረበው የመጀመሪያው የኮክሲዲያ ክትባት የተሠራው በዚህ ዕውቀት ላይ ነው፤ ሕያው ተሕዋስ በጥቂት መጠን ለጫጩት ይሰጣል። የሚገድላት በአንድ ጊዜ የሚዋጠው ብዛት ነው። ደረቅ ወለል የሚሰጠን ጥቅም ይህ ነው፤ መጠኑን ያሳንስልናል፣ ጫጩቷ እስክትጠነክርም ጊዜ ይገዛላታል። በቂ ምግብም እንዲሁ ያግዛታል። ፕሮቲንና ቫይታሚን ኤ የጎደላት ጫጩት ለወስፋት ትሸነፋለች፤ ስለዚህ ከመኖዋ ጋር የተከተፈ ጎመን ወይም አልፋልፋ ይጨመርላት።

አሁን ሦስተኛውና የመጨረሻው ክፍል ላይ ደርሰናል። መድኃኒትን አላቃልልም፤ ወቅቱንና መጠኑን ከጠበቀ ሕይወት ያድናል። ለኮክሲዲዮሲስ በአገራችን በብዛት የሚገኘው አምፕሮሊየም ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ተሕዋሱ ለመራባት ቫይታሚን ቢ1 ያስፈልገዋል፣ አምፕሮሊየም ደግሞ ይህን ቫይታሚን መስሎ መንገዱን ይዘጋበታል። ከዚህ የሚከተለውን ጥንቃቄ ልብ በሉ። ብዙዎቻችን ጫጩቷን እናበርታ ብለን ቢ1 ያለበትን ቫይታሚን በዚያው ውሃ እንበጠብጣለን፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱን በእጃችን እናዳክመዋለን። ቫይታሚኑ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ይሰጥ። መድኃኒቱ በውሃ የሚሰጠው የታመመች ጫጩት መብላት ብታቆምም መጠጣት ስለምትቀጥል ነው፤ ስለዚህ በሕክምናው ቀናት ሌላ ውሃ አታስቀምጡ፣ ብጥብጡንም በየቀኑ አድሱ። አንዲት ጫጩት ደም ካስቀመጠች በክፍሉ ያሉት ሁሉ ዘሩን ውጠውታልና ሕክምናው ለሁሉም ነው። ሁለት ቀን ሰጥተን ሲሻላቸው ማቆም የለብንም፤ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቀን ይሙላ።

ለወስፋት የሚሰጡት ፒፐራዚን፣ ሌቫሚሶል፣ አልቤንዳዞልና ፌንቤንዳዞል ናቸው። ፒፐራዚን የሚያወጣው ያደገውን ወስፋት ነው፤ ጥፍጥፍ ትልን አይነካም። ጊዜውን የሚነግረን ቀደም ብለን ያየነው የወስፋቱ ጉዞ ነው። ትሉ አድጎ እንቁላል ለመጣል ከ5 እስከ 8 ሳምንት ከፈጀበት፣ ዕድሜዋ ሁለት ሳምንት ለሆነ ጫጩት የትል መድኃኒት መስጠት ገንዘብ ማባከን ነው። መሬት ለሚጭሩ ጫጩቶች የመጀመሪያው መድኃኒት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ቢሰጥ ተገቢ ነው። ፒፐራዚን ከሆነ በዚያ ጊዜ ገና ትንንሽ የነበሩት አድገው ስለሚቀሩ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይደገም። ከዚያ ቄቧ እንቁላል መጣል ከመጀመሯ በፊት አንድ ጊዜ ይሰጥ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የኩስ ምርመራ ይወስነው።

መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ኩሱ በትልና በትል እንቁላል የተሞላ ነው። የወጣውን ትል ሌሎቹ ጫጩቶች ይለቅሙታል፣ በውስጡ ያለው እንቁላልም መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጉዝጓዙ በእነዚህ ቀናት ተጠርጎ ካልወጣ የከፈልነው ገንዘብ ለአንድ ወር ብቻ ይሆናል። ሆድና ወለል አንድ ላይ መጽዳት አለባቸው ያልሁት ለዚህ ነው።

ስለ መጠንም አደራ አለኝ። መድኃኒት በግምት ቆንጥሮ መስጠት ደካማውን ትል ገድሎ ጠንካራውን ያስቀራል፤ የቀረውም ተራብቶ መድኃኒቱን የሚቋቋም ዘር ይተካል። በዓለም ላይ የታየው ታሪክ ያስጠነቅቀናል። ሰልፋኪኖክሳሊን የተባለው የኮክሲዲያ መድኃኒት ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ከመኖ ጋር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ብዙ መድኃኒቶች ተከታትለው ወጡ፤ ተሕዋሱም አንዱን ከሌላው ቀጥሎ እየለመደ መጣ። እኛ ያሉን መድኃኒቶች ጥቂት ናቸውና ልናባክናቸው አይገባም። ጥቂት ጫጩቶችን በሚዛን መዝናችሁ፣ አማካዩን ይዛችሁ፣ የእንስሳት ሐኪም ወይም ማሸጊያው እንዳዘዘው ስጡ። ኦክሲቴትራሳይክሊንን ለሁሉም በሽታ የመስጠት ልማድም ይቅር፤ ባክቴሪያን እንጂ ወስፋትንም ኮክሲዲያንም ለማከም የተሠራ አይደለም። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ የሚሰጡ እናቶች አሉ፤ ልማዱን አከብራለሁ። ደም የምታስቀምጥ ጫጩት ግን እነዚህን እየሞከርን እንድንጠብቅ ጊዜ አትሰጠንም። በመጨረሻም መድኃኒት የወሰደች ዶሮ ሥጋዋም እንቁላሏም ለተወሰነ ቀን አይበላም፣ አይሸጥም። የቀኑ ቁጥር እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፤ ስትገዙ ጠይቁ፣ በቀን መቁጠሪያችሁ ላይም ጻፉት።

ንግግሬን ስደመድም ሦስት ልመና አለኝ። ለአርቢ ቤተሰቦች፦ ክረምቱ ሳይገባ የጫጩት ቤታችሁን ጣሪያ ፈትሹ፣ የዝናብ ውሃ መውረጃ ቅደዱ፣ ደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ አስቀድማችሁ አከማቹ። በሐምሌ እርጥብ ጭድ እያነጠፋችሁ መድኃኒት ከምትገዙ በግንቦት ደረቁን ብታስቀምጡ ወጪው ያንሳል። የ45 ቀን ጫጩት አሳድጋችሁ ለምትሸጡ፦ ለገዢው ጫጩቷን ስታስረክቡ የምን ክትባት እንደ ወሰደች፣ የምን መድኃኒት እንደ ጠጣች፣ መቼ እንደሆነም በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ገዢው ያን ካወቀ የትል መድኃኒቷን ጊዜ አይስትም፣ የወሰደችውንም አይደግምባትም። በየወረዳው ላላችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችና ኃላፊዎች፦ የኩስ ምርመራ ለዶሮ አርቢውም ይድረስ። አንድ ማይክሮስኮፕ፣ የጨው ውሃና የሠለጠነ ዓይን ካለ ምርመራው በአነስተኛ ወጪ ይሠራል። አንዲት እናት ኩስ ይዛ ስትመጣ «ለዶሮ ነው ወይ?» ብሎ የሚመልሳት ሰው እንዳይኖር እለምናችኋለሁ። ለጫጩቶቿ የሚገባው መድኃኒት ምን እንደሆነ የማወቅ መብት አላት፤ እኛም የመንገር ግዴታ አለብን።